የማይተፋ አይውጥም፦ ፎስፈረስን በባክቴሪያ ከፍሳሽ ለቅሞ ወደ ክሪስታል የመቀየር መመሪያ

ይህን ሥራ ሊጀምር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ባክቴሪያውን ከየት ነው የምንገዛው?» አይገዛም። ዋናው ሠራተኛ ካንዲዳተስ አኩሙሊባክተር ይባላል፤ «ካንዲዳተስ» የሚለው ስም ነጥለው በንጹሕ ሊያሳድጉት ላልቻሉት ባክቴሪያ የሚሰጥ ነው። በጠርሙስ አሽጎ የሚሸጥላችሁ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ባክቴሪያው አየር እየተነፋበት በሚጣራ ፍሳሽ ዝቃጭ ውስጥ በትንሹም ቢሆን አለ። የእኛ ሥራ ለእሱ የሚመች፣ ለሌላው የማይመች ኑሮ መፍጠር ነው። የእንጀራ እርሾ ያቆየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሊጡ በተጋገረ ቁጥር ከሥሩ ትንሽ ይቀራል፣ በዚያው ላይ አዲስ ይቦካል፣ ከጊዜ በኋላ እቃው የራሱን እርሾ ይለምዳል። እዚህም ከባልዲው ግማሹን አስቀርተን ግማሹን እንለውጣለን።

ከዚህ በታች ያለው በ10 ሊትር ባልዲ የሚሠራ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለፋብሪካ የሙከራ ሥራ፣ ወይም ትልቅ ጣቢያ ከመነደፉ በፊት ፍሳሹ ለዚህ ዘዴ ይሆን እንደሆነ ለማየት ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ባክቴሪያው ምን እንደሚያደርግ ይግባችሁ

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ዕቃው አትሂዱ። የሚበላሸው ነገር ሁሉ የሚታረመው ከዚህ ነው።

ባክቴሪያው ሁለት ጎተራ አለው። አንደኛው የፎስፌት ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊፎስፌት ነው፤ ይህ እንደ ባትሪ ጉልበት የሚያስቀምጥበት ነው። ሁለተኛው ፒኤችኤ የሚባል ስብ መሰል ነገር ነው፤ ይህ ስንቁ ነው። አየር በሌለበት ሰዓት አሲቴትን የመሰለ ምግብ ሲመጣ አብዛኞቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሌላቸው ሊበሉት አይችሉም። የእኛው ግን ፖሊፎስፌቱን ይሰብርና በሚያገኘው ጉልበት አሲቴቱን ወደ ውስጥ ስቦ በስንቅ መልክ ያከማቻል። የተሰበረውን ፎስፌት ደግሞ ወደ ውኃው ይተፋዋል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ውኃው ውስጥ ፎስፈረስ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ይደነግጣል። ከዚያ አየር ሲነፋ ውኃው ውስጥ የቀረ ምግብ የለም፤ ስንቅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ስንቁን እያቃጠለ፣ እየተራባ፣ የተፋውን ፎስፌት መልሶ ይውጣል፤ ከተፋውም በላይ ይውጣል። ያን ጊዜ ከዝቃጩ ጥቂት ብናወጣ ፎስፈረሱ አብሮ ወጣ ማለት ነው። ተራ ዝቃጭ ከደረቅ ክብደቱ ከ1.5 እስከ 2.5 በመቶ ያህል ፎስፈረስ ይይዛል፤ ይህን ኑሮ የለመደ የጣቢያ ዝቃጭ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል፤ ላብራቶሪ ውስጥ በአሲቴት ያደገው ከ10 በመቶም ያልፋል።

እንግዲህ የማይተፋ አይውጥም። ባልዲው ደህና መሆኑን የምታውቁት በመጨረሻው ውኃ ብቻ ሳይሆን አየር አልባው ሰዓት ሲያልቅ ምን ያህል እንደተፋ በመለካት ነው።

ይህን ኡደት ወደ ማጣሪያ ዲዛይን ካስገቡት ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፕሪቶሪያ፣ ዳስፖርት የሙከራ ጣቢያ ላይ ይሠራ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው መሐንዲስ ጄምስ ባርናርድ ነው። የሚሞክረው ናይትሮጅን ለማስወገድ ነበር፤ ፎስፈረሱም አብሮ ሲጠፋ አየ። የዚህ ዲዛይን አንዱ መነሻ አፍሪካ መሆኑን ብዙ ተማሪ አያውቅም።

ዕቃ

ክዳን ያለው 10 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ፣ 8 ሊትር ላይ ምልክት የተደረገበት። ቀስ ብሎ የሚያማስል ሞተር፣ ውኃው ላይ አዙሪት የማይፈጥር፤ አዙሪት አየር ይጎትታል። የዓሣ ማርቢያ የአየር ፓምፕ ከነአረፋ ድንጋዩ። ሁለት ፔሪስታልቲክ (ቱቦ እየጨመቁ ፈሳሽ የሚገፉ) ፓምፖች፣ አንዱ ለማስገባት አንዱ ለማስወጣት። ፒኤች ሜትር። ከተገኘ የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ። የ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ከነሲሪንጁ። ታይመሮች።

ስለ ታይመር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለአንድ ወር ያህል ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ለምግብ ፓምፑ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር፣ ለአየር ፓምፑ ደግሞ በእጅ የሚዞር ርካሽ ታይመር ገዛሁ። አንድ ሌሊት መብራት ሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። ሲመጣ ዲጂታሉ ሰዓቱን ጠብቋል፤ የሚዞረው ግን መብራቱ በጠፋበት ቆሞ ስለነበር ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ አሲቴቱ የሚገባው አየር እየተነፋ ሆነ። ማንም አላስተዋለም፤ ሁለቱም እየሠሩ ነዋ! በአራተኛው ቀን ስለካ ባልዲው መትፋት አቁሟል። አሲቴቱን አየር ያገኙት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሲቀልቡበት ሰንብተዋል። እንደገና እስኪለምድ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሁሉም ታይመር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ባትሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ለአየር ፓምፑም ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) አይቆጠብበት።

እርሾውን ማምጣት

አየር እየነፋ ከሚያጣራ ከማንኛውም ጣቢያ፣ ከአየር ገንዳው ውስጥ፣ 10 ሊትር ያህል ቀይጥ ውኃ (ውኃና ዝቃጭ የተቀላቀለበት) በጄሪካን ቅዱ። ጄሪካኑን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ፣ አጥብቃችሁም አትክደኑ፤ ጋዝ ይፈጥራል። በዚያው ቀን ባልዲ ውስጥ ይግባ። ከማብላያ፣ ማለትም ከአየር አልባ ታንከር የወጣ ጥቁር ዝቃጭ ለዚህ አይሆንም። ጓንት አድርጉ፤ ሽታው የበረታበት የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ አንገታችሁን አታስገቡ።

ባልዲው ውስጥ ሲገባ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ደረቅ ዝቃጭ እንዲኖረው አመጣጥኑ። ወፍራም ከሆነ አጥልላችሁ አቅጥኑት።

ምግቡ

ለአንድ ሊትር፦

- ሶዲየም አሲቴት ትራይሃይድሬት 640 ሚሊግራም
- ሶዲየም ፕሮፒዮኔት 86 ሚሊግራም
- ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 44 ሚሊግራም፣ በኋላ 66
- አሞኒየም ክሎራይድ 60 ሚሊግራም
- ማግኒዥየም ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት 90 ሚሊግራም
- ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት 14 ሚሊግራም
- ጥቂት ጠብታ የብረት፣ የዚንክ፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ድብልቅ

አሲቴቱና ፕሮፒዮኔቱ አንድ ላይ 400 ሚሊግራም ሲኦዲ (ምግቡን ለማቃጠል በሚያስፈልገው ኦክስጅን የሚለካ መጠን) ይሆናሉ፣ ሦስት እጅ ለአንድ። ፎስፈረሱ በመጀመሪያ 10 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ የሚወጣው ውኃ ከ1 በታች ሲሆን ወደ 15 ከፍ ይደረጋል። ፕሮፒዮኔቱን «ምን ያደርጋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ተቀናቃኞቹ፣ ማለትም ምግቡን የሚሻሙ ግን ፎስፈረስ የማያነሱ ባክቴሪያዎች፣ አሲቴት ብቻ ሲያገኙ ይበረታሉ፣ የምግብ ቅይጥ ግን ያደናግራቸዋል።

አሞኒየሙ ለምን አነሰ የሚል ይኖራል። ዝቃጩ ለማደግ ከሚፈልገው በላይ ከሰጣችሁት የተረፈው አየር ሲነፋ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት ባልዲው ውስጥ ተርፎ ወደ ቀጣዩ ዙር ከተሻገረ ለሌሎቹ ባክቴሪያዎች እንደ ኦክስጅን ያገለግላቸዋል፤ እያንዳንዱ ሚሊግራም ናይትሬት-ናይትሮጅን ቢያንስ 2.86 ሚሊግራም ሲኦዲ ይበላል። ያ የኛው ባክቴሪያ ስንቅ ነበር።

ማግኒዥየምና ፖታሲየምም ጌጥ አይደሉም። ፎስፌት ወደ ጎተራው ሲገባ ሁለቱን አስከትሎ ነው የሚገባው፣ ለሦስት ፎስፈረስ አንድ ማግኒዥየምና አንድ ፖታሲየም በሚጠጋ ልክ። ባጡ ጊዜ ባክቴሪያው አፉን ይዘጋል።

ሶዲየም አሲቴት ከታጣ አቼቶ ይሠራል። 5 በመቶው አቼቶ ለአንድ ሊትር 5.6 ሚሊሊትር ሲሆን የአሲቴቱን ድርሻ ይሸፍናል፤ ፒኤቹን ግን በቤኪንግ ሶዳ ወደ 7.5 መልሱ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲበን በሰፊ ዕቃ አሳድሩ። ምግቡን በየቀኑ አዘጋጁ፤ ሁለት ቀን ከቆየ ታንከሩ ውስጥ ሌላ ነገር ይበላዋል፣ እናንተም «ባክቴሪያው እምቢ አለ» ትላላችሁ።

የስድስት ሰዓቱ ዙር

ዙሩ 360 ደቂቃ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ።

1. ከ0 እስከ 10ኛው ደቂቃ፦ 4 ሊትር ምግብ አስገቡ። ማማሰያው ይሥራ፣ አየሩ ይዘጋ። ቱቦው ከውኃው በታች ይግባ፤ ከላይ እየተንዠቀዠቀ ከወረደ ኦክስጅን ይዞ ይወርዳል።
2. ከ10 እስከ 120፦ አየር አልባ። ክዳኑ ይዘጋ። ናይትሮጅን ጋዝ የሚነፉ አሉ፤ እኔ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ የላስቲክ ቁራጭ አድርጌ በቅቶኛል።
3. ከ120 እስከ 300፦ አየር ንፉ። የሟሟው ኦክስጅን 2 ሚሊግራም በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።
4. በ295ኛው ደቂቃ፣ ማማሰያው ገና እየሠራ፣ 200 ሚሊሊትር ቀይጥ ውኃ አውጡ። ይህ ነው ፎስፈረሱን የሚያወጣው። አትድፉት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።
5. ከ300 እስከ 345፦ ሁሉንም አጥፉ፣ ይጥለል።
6. ከ345 እስከ 355፦ ከላይ የጠለለውን 3.8 ሊትር አንቆርቁሩ።
7. አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና።

በየዙሩ 200 ሚሊሊትር ማለት በቀን 800፣ ከ8 ሊትር አንድ አሥረኛ ነው፤ ዝቃጩ በአማካይ አሥር ቀን ይቆያል ማለት ነው። ዝቃጭ ማውጣት የሚሳሳ ሰው አለ፣ «ባክቴሪያዬ እንዳያልቅ» እያለ። ዝቃጭ ካልወጣ ፎስፈረስም አይወጣም፤ ሌላ መውጫ የለውም፣ እንደ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አይበንም።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ውኃ ሊሸከም የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ 9 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን እኛ ዘንድ 7 ገደማ ነው። መለኪያችሁን ለከፍታው አስተካክሉ፣ የአየር ፓምፑንም ከፍ ያለ ግዙ። በሌላ በኩል ከፍታው ይጠቅመናል፦ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን የኛው ባክቴሪያ ያሸንፋል፣ ከ25 ሲያልፍ ተቀናቃኞቹ ያይላሉ። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላይ ያለ ሰው ባልዲውን ከሙቀት ይሰውር፣ የዝቃጩንም ዕድሜ ወደ 5 ቀን ያሳጥር። አይቻልም ማለት ግን አይደለም፤ ሲንጋፖር 30 ዲግሪ በሚጠጋ ፍሳሽ ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 8 መካከል ይቆይ። ከዚህ ሲወርድ ለተቀናቃኞቹ ይመቻል፤ በጣም ሲወጣ ደግሞ ፎስፌቱ ከካልሲየም ጋር ራሱ ይዘቅጥና ባክቴሪያው የሠራው ይመስላችኋል።

መለካት

በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሙሉ ዙር ተከታተሉ፦ ምግቡ እንደገባ፣ ከዚያ በ30፣ በ60፣ በ120ኛው ደቂቃ፤ አየሩ ከጀመረ በኋላ በ30፣ በ60፣ በ120፣ በ180። ናሙናው እንደተቀዳ ወዲያው በ0.45 ይጣራ። አምስት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሲሪንጁ ውስጥ ሆኖ መትፋቱን ወይም መዋጡን ይቀጥላል።

ልኬቱ የሞሊብደነም ሰማያዊ ዘዴ ነው፣ በአስኮርቢክ አሲድ፣ በ880 ናኖሜትር። ቀለሙን ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንብቡ። ዘዴው ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች ላለው ነውና አየር አልባውን ናሙና መቶ እጥፍ ማቅጠን ይኖርባችኋል። ብልቃጡ በሳሙና ዱቄት አይታጠብ፤ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘፍዝፋችሁ በተጣራ ውኃ አለቅልቁ። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ አንዳንዱ ኪት የሚያነብላችሁ ፎስፌት ነው፣ ፎስፈረስ አይደለም። ለ3.07 ካላካፈላችሁ ሦስት እጥፍ የተጋነነ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ያጋጠመው ሰው አይናገርም እንጂ ብዙ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምናልባት ምንም አታዩም፤ ውኃው ላይ 5 ሚሊግራም ገብቶ 7 ወይም 8 ይሆናል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ 20፣ 30 ማለት ይጀምራል። ከአንድ ወር በኋላ ደህና የለመደ ባልዲ አየር አልባው ሰዓት ሲያልቅ 60፣ 80፣ አንዳንዴም 100 ሚሊግራም በሊትር ያሳያል፤ ከሦስት ሰዓት አየር በኋላ ከ1 በታች። ያንን መስመር በወረቀት ላይ፣ እንደ ተራራ ወጥቶ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ለክቻለሁ።

በዓይን ማየት የሚፈልግ የናይሰር ቀለም ይጠቀም። የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ ለመለየት በሕክምና ላብራቶሪ የሚታወቀው ያው ቀለም ነው፤ እዚያም የሚቀለመው የፖሊፎስፌት ጠብታ ነው። አየሩ ካለቀ በኋላ የተቀባ ስላይድ ላይ ጥቁር ሐምራዊ የሆኑ ክምር ሕዋሳት ታያላችሁ፤ አየር አልባው ሲያልቅ ከተቀባው ላይ ግን ቀለሙ ደብዝዟል።

ሲበላሽ

አሲቴቱ ጠፍቷል፣ ፎስፌት ግን አልተተፋም። ይህ የተቀናቃኞቹ ሥራ ነው፤ ጉልበታቸውን ከፎስፌት ሳይሆን ከግላይኮጅን (በውስጣቸው ካከማቹት የስኳር ሰንሰለት) የሚያገኙ ናቸው፣ ኮምፔቲባክተር የሚባለው አንዱ ነው። አየር አልባውን ሰዓት ልክ እንደኛው ይጠቀሙበታል፣ ግን ፎስፈረስ አያነሱም። ፒኤቹን ወደ 7.8 ከፍ አድርጉ፣ ባልዲውን አቀዝቅዙ፣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ጨምሩ፣ ፕሮፒዮኔቱን ከአሲቴቱ ጋር በየሁለት ሳምንቱ አፈራርቁ።

አሲቴቱም አልጠፋም፣ ፎስፌትም አልተተፋም ከሆነ ባክቴሪያው ራሱ ታሟል፤ ክሎሪን፣ ፒኤች፣ ወይም ሳይታወቅ የገባ ማጽጃ ኬሚካል ፈልጉ።

አየር አልባው ሰዓት እንደጀመረ አሲቴቱ በደቂቃዎች ውስጥ ካለቀና የተተፋው ትንሽ ከሆነ ኦክስጅን ወይም ናይትሬት ገብቷል። ናይትሬት ለኩ፤ ታይመሩን እዩ፣ እንዳልኳችሁ።

ተፍቶ የማይውጥ ደግሞ አለ። አየሩ አንሷል፣ ወይም ማግኒዥየም ወይም ፖታሲየም አልቋል። አንድ ጊዜ መስታወት ጽዋ ውስጥ ጥቂት ቀድታችሁ ትንሽ ማግኒዥየም ሰልፌት ጨምራችሁ ብታናፍሱት መልሱን በአንድ ሰዓት ታውቃላችሁ።

እውነተኛ ፍሳሽ የምታስገቡ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አሲቴቱ ነው። ከዩኤኤስቢ፣ ማለትም ከአየር አልባ ማብላያ የወጣ ፍሳሽ ለዚህ ዘዴ ምስኪን ነው፤ ስንቁ ሁሉ ወደ ሚቴን ሄዷል። የቢራ ፋብሪካ ከሆነ ከማብላያው በፊት ያለውን ጥቂት ድርሻ በጎን አምጡ። የከተማ ፍሳሽ ከሆነ ከመጀመሪያው ማጥለያ የወጣውን ዝቃጭ ሁለት ሦስት ቀን አቡክታችሁ ጭማቂውን ስጡት።

መልሶ መያዝ

እስካሁን ፎስፈረሱን ከውኃው ወደ ዝቃጩ አዛወርነው እንጂ አልያዝነውም። በብረት ወይም በአሉሚኒየም ጨው ከሚያዘቅጠው ዘዴ ይህ የሚሻልበት እዚህ ነው፦ ብረት የያዘውን በቀላሉ አይለቅም፣ ባክቴሪያ ግን አየር ከልክላችሁ ምግብ ብትሰጡት ራሱ ይተፋላችኋል።

የቀኑን 800 ሚሊሊትር ዝቃጭ አጥልሉ፣ ከላይ ያለውን ደፍታችሁ ወደ 400 አውርዱት። ግማሽ ግራም ሶዲየም አሲቴት ጨምሩ፣ በጠርሙስ ክደኑት፣ ሦስት ሰዓት አልፎ አልፎ እየገለበጣችሁ አቆዩት። ከዚያ ይጥለል። ከላይ የምታገኙት ፈሳሽ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም በሊትር ፎስፈረስ የያዘ ነው። በማጣሪያ ወረቀት አሳልፋችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፤ ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ አንድ ሊትር ይሞላል። አንዳንድ ትልልቅ ጣቢያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ያለው የደርሃም ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከእንዲህ ዓይነቱ ዝቃጭ ከሚወጣ ፈሳሽ ስትሩቫይት ማምረት ጀምሯል።

ስትሩቫይት ማግኒዥየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት እኩል የሚገቡበት ነጭ ክሪስታል ነው። ስለ ቦታው አንድ ነገር አለ፦ ፎስፈረስን እ.ኤ.አ. በ1669 ሄኒግ ብራንድ ያገኘው ሽንት እያፈላ ወርቅ ሲፈልግ ነው፣ በሃምቡርግ። ስትሩቫይትም እ.ኤ.አ. በ1845 የተገኘው በዚያችው ሃምቡርግ፣ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሲሠራ ከአፈሩ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የፍሳሽ ጣቢያ ሰዎች የሚያውቁት ቧንቧ የሚዘጋ ጠላት ሆኖ ነበር።

አሠራሩ፣ 200 ሚሊግራም ፎስፈረስ ላለው አንድ ሊትር፦

ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 1.7 ግራም ጨምሩ። ማግኒዥየሙ በሞል ሲቆጠር ይህ ከፎስፈረሱ 1.3 እጥፍ ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ የተፋው ማግኒዥየም ስላለ ልምድ ስታገኙ ትቀንሱታላችሁ። ገንዘብ የሚበላው ማግኒዥየሙ ነው። በዳናኪል ያለው የካርናላይት ክምችት ማግኒዥየም የሞላበት መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይቆጨኛል።

አሞኒየም ክሎራይድ ግማሽ ግራም። በምትኩ ተከድኖ ወር ያህል የቆየ ሽንት ይሆናል፤ አሞኒየም የሞላው ነው፣ ፒኤቹም 9 ገደማ ስለሆነ አልካሊ ይቆጥባል።

እያማሰላችሁ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ በጠብታ ጨምሩ፣ ፒኤቹ 8.8 እስኪሆን። አትቸኩሉ። በአንድ ጊዜ ከዘለለ የሚወጣው እንደ ወተት የደቀቀ ዱቄት ነው፣ አይጠልልም። ቀስ ካላችሁ መጀመሪያ ውኃው ይዳምናል፣ ከዚያ በባትሪ ብርሃን ብታዩት የሚያብለጨልጭ ነገር ሲዞር ታያላችሁ፣ ከዚያ ከሥር እንደ ደቃቅ ጨው ይቀመጣል። ካለፈው ጊዜ ያስቀራችሁት ቁንጣሪ ክሪስታል ካለ መጀመሪያ ላይ ጣል አድርጉበት፤ እሱም እርሾ ነው። 30 ደቂቃ አማስላችሁ አንድ ሰዓት አጥልሉ።

አጣሩ፣ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፣ በጥላ አድርቁ። ከ40 ዲግሪ አይለፍ። እኔ የመጀመሪያውን ምርቴን ደረቅ ክብደት ለማወቅ፣ እንደ ዝቃጩ ሁሉ፣ 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አሳደርኩት። ማታ 1.4 ግራም ያስገባሁት ጠዋት 0.7 ሆኖ ጠበቀኝ። የሰረቀኝ ሰው ፍለጋ ጀምሬ ነበር። ስትሩቫይት ከ50 ዲግሪ በላይ አሞኒያውንና በውስጡ ያለውን ውኃ ይለቃል፤ ከክብደቱ ግማሹ እሱ ነው።

ሙሉ በሙሉ ቢያዝ ከ200 ሚሊግራም ፎስፈረስ 1.6 ግራም ገደማ ይገኛል። በማጣሪያው ያለፈውን ውኃ ለክታችሁ ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው። የያዛችሁት ስትሩቫይት መሆኑን ለማረጋገጥ ኤክስሬይ የለኝም ብላችሁ አትጨነቁ። በማይክሮስኮፕ እዩት፤ የሬሳ ሣጥን ክዳን የሚመስሉ፣ ጥርት ያሉ ክሪስታሎች ናቸው። እኔ ስላይዱን ለአንድ አንጋፋ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ይዤላቸው ሄድኩ። ዓይናቸውን ሳያነሱ «ትሪፕል ፎስፌት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም «ግን በጣም በዝቷል፣ የማን ሽንት ነው ልጄ?»። ቅርጽ የሌለው ብናኝ ብቻ የምታዩ ከሆነ ካልሲየሙ በዝቶ ካልሲየም ፎስፌት ሠርታችኋል። ፈሳሹ ውስጥ ካልሲየም ከማግኒዥየም እንዳይበልጥ ጠብቁ።

ንጹሕ ስትሩቫይት 12.6 በመቶ ፎስፈረስና 5.7 በመቶ ናይትሮጅን አለው። በማዳበሪያ ቤት አቆጣጠር በፎስፎረስ ፔንታኦክሳይድ ሲሰላ 29 ገደማ ይመጣል፤ ገበሬው የሚያውቀው ኤንፒኤስ 38 ነው። በውኃ ቶሎ አይሟሟም፣ የሥር አሲድ ሲያገኘው ነው የሚለቀው፣ ስለዚህ ከዘር ጋር ተጠግቶ ቢገባም ዘሩን አያቃጥልም፣ በዝናብም አይታጠብም። ናይትሮጅኑ ግን ለጤፍ አይበቃም፣ ዩሪያ ያስፈልገዋል። ከሰው ፍሳሽ ወይም ከሽንት የመጣ ከሆነ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥሬ በሚበላ ቅጠላ ቅጠል ላይ ሳይሆን በማሰሮ በተዘራ እህል ላይ ይሞከር።

አሁን የቀረው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የተፋው ዝቃጭ ነው። ከ400 ሚሊሊትሩ ውስጥ 50 ያህሉን ወደ ባልዲው መልሱት፣ አየሩ እንደጀመረ፤ ጎተራው ባዶ ስለሆነ እየተስገበገበ ይውጣል። የቀረውን በቤኪንግ ሶዳ ሳይሆን በኖራ አክማችሁ አስወግዱ፤ ታይመሩንም ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት።